ካምቢዮው ወርዶ ሳለ

ሦስተኛ ማርሽ አልይዝ ካለ ሰንብቶ ነበር። አሮጌዋ ፎርዊላችን ከካሳራኒ እየተነሳሁ ኢስትሊ ላሉ ሱቆች በርበሬና ሽሮ የማደርስባት መኪና ናት። ቲካ ሮድ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ማርሹ «ጧ» ብሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከኋላዬ ያለው ማታቱ፣ የእዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ጡሩንባውን ያንባርቅብኛል። በመጨረሻ በቀኝ እጄ መሪውን፣ በግራዬ የማርሹን ዘንግ ጨምድጄ መንዳት ለመድሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን አብሮኝ ሄዶ ይህን ሲያይ፣ «ይሄ መንዳት ሳይሆን ትግል ነው» አለኝ። በማግስቱ ኢምባካሲ ወዳሉት መካኒካችን ሄድኩ።

መካኒካችንን አካባቢው ሁሉ «ፉንዲ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ የሞያሌ ሰው ናቸው። ጋራዣቸው ከዋናው መንገድ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሼዶች አንዱ ነበር። ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ሠርተው ነው።

መኪናዋን ነድተው መጡና፣ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» አሉ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ያው ዓይነት ካምቢዮ ተገኘ። ሲከፍቱት ማርሾቹ ደህና ናቸው፣ ኩሽኔታዎቹ ግን አልቀዋል። የእኛው ደግሞ ኩሽኔታው ጤነኛ፣ ሦስተኛ ማርሹ ጥርሱ የተበላ።

«አታስቢ፤ ከሁለቱ አንድ ጥሩ አወጣልሻለሁ» አሉኝ።

በሚገጣጥሙበት ቀን ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው፣ በናፍጣ የታጠቡትን ዕቃዎች በቅደም ተከተል ደርድረዋል። መኪናዋ ባዶ ሆዷን ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት ቆማለች። ከሽንብራ የማትበልጥ ፒን አንስተው መዳፋቸው ላይ አሳዩኝ።

«ይቺ ሁለት ማርሽ አንድ ላይ እንዳይገባ የምትከለክል ናት። እሷ ከሌለች ካምቢዮው ይቆለፋል። እየነዳሽ ከሆነ ደግሞ አላህ ይጠብቅሽ።»

ፒኗን መልሰው ሳያስቀምጡ ከላይ በኩል ጩኸት ተሰማ። መጀመሪያ የተጣላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ መሬቱ ከእግሬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ስል የመጨረሻው ሼድ ጣሪያ እንደ ወረቀት ተጨማደደ፤ ከጀርባው የቡልዶዘር ቢጫ አካፋ ብቅ አለ። የቦታው ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ያሰማራው ነው አሉ በኋላ። ግድግዳዎቹ ላይ ቀይ የማፍረሻ ምልክት ከተቀባ ቆይቷል፤ ግን በየጊዜው ተቀብቶ ዝም ስለሚባል ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሻይ የምትሸጠው ሴት ምድጃዋን ከነፍሙ ተሸክማ አጠገቤ ስታልፍ እንኳን ለምን እንደምትሮጥ አልገባኝም።

«ልጄ! ሸራውን!» ብለው ጮኹ ጋሼ። ያን ጊዜ ነቃሁ። የሸራውን ጫፎች ሰብስበን፣ ዕቃውን ከእኛው ካምቢዮ አካል ጋር ቋጥረን መኪናዋ ውስጥ ወረወርነው። ባዶው የሁለተኛው ካምቢዮ አካል ግን ሼዱ ውስጥ ቀረ።

«መሪውን ያዢ!» አሉኝ። ገባሁ። ጋሼና ሦስት አራት ሰዎች ከኋላ፣ «ሱኩማ! ሱኩማ!» እያሉ መግፋት ጀመሩ። ድንጋዩ ከጎማዋ ሥር ሲነሳ መኪናዋ ከሰዎቹ እጅ አመለጠች። ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች። ማርሽ የለም፤ ካምቢዮ የላትም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ ባዶ ነው። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ከካምቢዮው ጋር ተያይዞ ስለሚሠራ አብሮ ወርዷል። ከታች ማታቱዎች የሚከንፉበት መንገድ ይታየኛል። ሞተር በጠፋበት የእግር ፍሬን ድንጋይ ይሆናል፤ በሁለት እግሬ ቆምኩበት ማለት ይቀላል። «ጌታ ኢየሱስ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ስትቆም አንድ ማታቱ ከአፍንጫዋ ሥር እየጮኸ አለፈ።

እግሬን ከፍሬኑ ማንሳት አቃተኝ። ጋሼ ሮጠው መጥተው ድንጋይ ካደረጉላት በኋላም፣ «ልቀቂው፣ ይዟል» እያሉኝ አልለቀቅኩም። በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ጉልበቴን ያዙኝ። ወደ ላይ ዞረን ስናይ ሼዳቸው የለም። አቧራ ብቻ። ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው አራገፉና መልሰው አደረጉት።

ከሥራ የወጣው ባለቤቴ ፒክአፕ ይዞ መጣና መኪናዋን ጎትተን ካሳራኒ ግቢያችን አደረስናት። ጋሼን ወደ ቤት አስገባናቸው። ምግብ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። በረንዳችን ላይ ሸራውን ፈትተው ዕቃውን ይደረድሩ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ኪሳቸውን ፈተሹ። ሸራውን አራገፉ። እኔም የመኪናዋን ወለል ጥግ በጥግ ዳሰስኩ።

«ፒኗ የለችም» አሉ። ያን ቀን ሁሉ ያልወጣው እንባቸው በዚያች ፒን ወጣ። ባለቤቴ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው፣ ያውም እሳቸውን የመሰለ፣ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼና እኔ ወደ ፍርስራሹ ተመለስን። «ባዶው ካምቢዮ ውስጥ ያው ዓይነት ፒን ቀርታለች፤ አላወጣኋትም» ብለውኛል። ሼዱ የነበረበትን ቦታ ለማወቅ ራሱ ተቸገርን። ሁሉም የተጠረገ አፈር ነው። ሻይ ሻጯ እዚያው ጠርዝ ላይ ምድጃዋን ተክላ አገኘናት፤ የምንፈልገውን ስንነግራት በጣቷ ወደ መንገዱ ጠቆመችን። ብረት ሰብሳቢ ጋሪውን እየገፋ ይሄዳል፤ ከተጣመሙት ቆርቆሮዎች ላይ ያ ባዶው ካምቢዮ ተቀምጧል።

ሮጥኩ። «ካካ፣ ወንድሜ፣ ቆይ! ቆይ!» በስዋሂሊዬ እየተንተባተብኩ ውስጡ ያለች ትንሽ ብረት ብቻ እንደምንፈልግ ነገርኩት። ሰውየው እኔን አየ፤ ከኋላዬ እያለከለኩ የደረሱትን ጋሼን አየ።

«ፉንዲ?» አለ። «ትናንት የፈረሰው ሼድ የአንተ ነው?»

ጋሼ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሰውየው ካምቢዮውን ብቻውን አቅፎ መሬት ላይ አወረደላቸው። «ጨርስ፤ እጠብቃለሁ» ብሎ ጋሪው ላይ ተቀመጠ። አካሉ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። ጋሼ አስፋልቱ ዳር ተንበርክከው፣ ዘንጎቹን በካቻቪቴ እየገፉ አወጡ። ፒኗ ስትወድቅ በሁለት መዳፌ ተቀበልኳት። እኔ ሳቅሁ፤ ምክንያቱን ሳላውቅ ሳቄ አላቆም አለ፤ ሰውየውም ሳቀ።

ካምቢዮውን በረንዳችን ላይ ገጠሙት። እኔ ኩሽኔታውን በቅባት እያሸሁ አቀብላለሁ፣ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ከባዱን ያነሳል። ጋሼ ፍሪሲዮኑን መሀል ለመሀል ካስተካከሉ በኋላ፣ መኪናዋ ሥር ተጋድመን ካምቢዮውን በክሪክ ስናነሳው በመጀመሪያው አልገባ አለ፤ ሲገባ የተሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሁላችንንም አስደነገጠን። በዚያ ሰሞን ድምፅ ሁሉ ያስደነግጠን ነበር።

ለሙከራ ስንወጣ ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ሦስተኛ ሳስገባ ከልማዴ ዘንጉን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ልቀቂ» አሉኝ።

ለቀቅኩት። ማርሹ ባለበት ቆመ። እስከ ማዞሪያው ድረስ ነዳሁ። ዞረን ስንመለስ፣ «ያን ዕለት መንገዱ ውስጥ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ለባልሽ ምን እለው ነበር?» አሉኝ። ያን እንደተሸከሙ እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም ነበር። ስለ ሼዳቸው ብቻ የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር።

«እኔ እኮ አለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አለሽ» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጋሼ አሁን ኢምባካሲ ውስጥ በአንድ ወዳጃቸው ጋራዥ ጥግ ተሰጥቷቸው ይሠራሉ። ዘይት ስቀይር ወደዚያ እሄዳለሁ። ከባድ መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ሁለታችንም እኩል ቀና እንላለን፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።