አርባ አንድ ቺንጋ

መልኳ ጠይም ነው፤ የክር ፋብሪካው ሰው ግን «ቀይዋ» ይላት ነበር። በጥገና ክፍሉ የሚሠራው ሥራ ሁሉ የሚመዘገብበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ያሰናዳችው እሷ ናት። መካኒኩ ከቅጹ ሳጥኖች አንዷን ሳይሞላ «መዝግብ» የሚለውን ከተጫነ ሳጥኗ ደም ትመስላለች፤ አልመዘግብም ትላለች። «ዛሬም ቀይዋ ከለከለችኝ» ማለት ተለመደ፤ ውሎ አድሮ ስሙ ከሳጥኗ ወደ ሠሪዋ ተሻገረ። እሷም አልከፋትም። ከግምጃ ቤት ጸሐፊነት ተነስታ በራሷ ጥረት እዚህ የደረሰች፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ መሳቢያ ውስጥ ማንኪያና ሹካ ተቀላቅሎ ካየች ሳትለይ የማታልፍ ሴት ነበረች።

ቀድሞ መካኒኮቹ የብልሽቱን ምክንያት እንዳሻቸው ይጽፉ ነበር። አንዱ «ተበላሽቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «እንደ ልማዷ»። ጋሽ ሐኪም ደግሞ ገጽ ይሞላሉ። ሐኪም የተባሉት የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ስለሚያዳምጡ ነው። «ሰባት ቁጥር ከትናንት ጀምራ ታቃስታለች» ብለው ይጽፋሉ፤ «ኩሽኔታዋ ገና አልሞተም፤ ግን ሐሳብ ይዞታል።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን አንብቦ፣ «ሪፖርት ነው ወይስ የፍቅር ደብዳቤ? እኔ የምፈልገው የሚቆጠር ነገር ነው» አላት።

ቀይዋም የመጻፊያውን ቦታ አጥፍታ በምትኩ ስምንት ምክንያቶች ደረደረች። ከስምንቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ሆነ። ከላይ ማሽኑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋን፣ አስቀመጠች፤ ቀጥሎ ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ ሞተር እያለች ወረደች። «ሌላ» የሚል ልትጨምር አስባ ተወችው። ሌላ ካልኳቸው ሁሉም ሌላ ይላሉ ብላ ነው።

አሠራሩን ባሳየቻቸው ቀን ጋሽ ሐኪም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ።

«ልጄ፣ ሁለት ነገር አብሮ ከታመመስ?»

«ዋናውን ይምረጡ፣ ጋሼ።»

«ዋናው የቱ እንደሆነ ገና እያዳመጥኩ ከሆነስ?»

ቸኩላ ነበር። «ግድ የለም፣ ብቻ አንዱን ይምረጡ። አለዚያ አይመዘግብልዎትም።»

ሦስት ወር አለፈ። ሪፖርቱን ያወጣችው ራሷ ናት። በጋሽ ሐኪም ስም አርባ አንድ የቺንጋ ብልሽት ተመዝግቧል፤ ከግምጃ ቤት የወጣው ቺንጋ ሦስት ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። ሽማግሌው ቆመው፣ እሷ ወረቀቱን ይዛ ተቀምጣ።

«ሠላሳ ስምንቱን ቺንጋ ከየት አመጡት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከሦስቱ ሌላ ቺንጋ አልቀየርኩም።»

«ታዲያ ለምን ቺንጋ ብለው መዘገቡ?»

«ምረጥ ይለኛል፤ ከላይ ያለውን መረጥኩ። ፊደሉም ደቃቅ ነው። ዐይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

ይህን ብለው ወደ እሷ ዞር አሉ። አስተያየታቸው የወቀሳ አልነበረም፤ ቃል ጠፍቶት ጓደኛው እንዲያቀብለው የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ብቻ አንዱን ይምረጡ ያልኳቸውም እኔ ነኝ ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ከአፏ ጫፍ ደርሷል። ግን ያን ዕለት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት አመስግኗት ነበርና አንገቷን ደፋች። ወረቀቱን አገላበጠች።

በሳምንቱ ጋሽ ሐኪም «ሆን ብለው የሐሰት መረጃ በመመዝገብ» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ። ሲወጡ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩና፣ «በርቺ ልጄ» ብለዋት ሄዱ።

በማግስቱ «ሌላ» የሚለውን ጨመረች፤ የመጻፊያውንም ቦታ መለሰች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። እናቷ «ምን ሆነሻል?» ሲሏት «ሥራ ነው» ትላለች። ሁለት ወር እንዲህ ከከረመች በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ሁሉንም ነገረችው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አላት፤ «ደግሞስ ሰውዬው ደክመው የለ?»

እሑድ ቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው በር ከፍተው አስገቧት። ጋሽ ሐኪም መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ያወቋት በድምጿ ነው። የመጣችበትን ስትነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሟት።

«ያን ዕለት አንገትሽን ስትደፊ ገብቶኛል» አሏት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ እዚያ ብዙ ዘመን አለሽ። እኔስ መውጫዬ ደርሶ ነበር።» ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «የከፋኝ መውጣቱ አይደለም። ውሸታም ተብዬ መውጣቴ ነው። ልጆቼም ሰምተዋል።»

የቀረበላትን ውሃ ሳትጠጣ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆየች።

በማግስቱ ጥፋቷን በጽሑፍ አድርጋ፣ ፈርማ አስገባች። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። አንዱ ማኅተም ይጎድለዋል ሲል፣ ሌላው ፈቃድ ላይ ነው ሲባል ስምንት ወር አለፈ። በመጨረሻ አዲስ ደብዳቤ ወጣ፦ ስህተቱ የደረሰው በሠራተኛው ሳይሆን በመመዝገቢያው ጉድለት ነው የሚል።

ደብዳቤውን ይዛ እየተጣደፈች ሄደች። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል። ጋሽ ሐኪም ከሞቱ ሦስት ሳምንታቸው ነበር።

ቀይዋ ደፉ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሴትየዋ እጇን ይዘው አስገቧት፤ ምን ይዛ እንደመጣች ጠየቋት። አነበበችላቸው።

ሴትየዋም፣ «ለልጆቹም አንብቢላቸው» አሉ።

ከጓዳ ጠሯቸው፤ ሁለት ጎልማሶች መጡ። ቀይዋ ቆማ እንደገና አነበበች። ስትጨርስ ታላቅየው ወረቀቱን ተቀብሏት ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«መመዝገቢያው ይላል እንጂ የሰው ስም የለበትም» አላት። «ይህን መመዝገቢያ የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች።