አዴ ፋጡሜ የሰፉት እጅጌ

ከእናቴ እኩያ ከአዴ ፋጡሜ ጋር ስምንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፤ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ለጭቅጭቅ ነበር። እኔ ሙኒር፣ ከሚሴ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠራሁ የምኖር አናጢ ነኝ፤ መሥሪያዬም ጓሮዬ ያለችው የቆርቆሮ ዳስ ናት። እሳቸው የማሽን ጩኸት አይወዱም፣ እኔ ደግሞ ቁጣ አልወድም።

አምና የስድስት ዓመቷ ልጄ ኢክላስ ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር። ጤና ጣቢያ የመረመራት ባለሙያ፣ “ወይ የእንጨቱን ብናኝ አጥፋ፣ ወይ ልጅቷን ከቤት አርቅ” አለኝ። ሥራውን ብተው ምን እንበላለን? ሰንበቴ ከተማ እህቴ ረቢአ ዘንድ አደረስኳት። ሚኒባስ ውስጥ ስመለስ፣ አላፍርበትም፣ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት አየር መሳቢያ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ገጠምኩ። ብናኙ ተግተልትሎ ሲወጣ አይቼ “ጎሽ ሙኒር!” አልኩ። ወዴት እንደሚወጣ ግን ማን አየ?

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አዴ ፋጡሜ ያሰጡትን በርበሬ በሰፌድ ይዘው መጡ። በርበሬው ሰጋቱራ ለብሷል።

“አንት ልጅ፣ ይኼን ለወጥ ላርገው ለማገዶ?”

ልከራከር አፌን ስከፍት የወጣው የኢክላስ ነገር ሆነ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰፌዱን አስቀመጡና መሳቢያውን ዞረው አዩት።

“ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አቧራውን አባረርከው እንጂ መቼ ያዝከው? እኔ ጨፋ ሮቢት ወፍጮ ቤት ነው የኖርኩት። ዱቄቱ በጨርቅ እጅጌ ውስጥ ካልወረደ ሰፈሩን ያለብሰዋል።”

በማግስቱ ከወፍራም አቡጀዴ ረጅም እጅጌ ሰፍተው መጡ፤ መሳቢያው መውጫ ላይ አሰርነው። እኔም ከመጋዙ ሥር ቱቦ ስቤ ክዳን ካለው በርሜል ጋር፣ በርሜሉንም ከመሳቢያው ጋር አገናኘሁት። ከባዱ ሰጋቱራ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል፤ መሳቢያው የሚገፋው ብናኝ እጅጌው ውስጥ ይታፈንና አየሩ ብቻ በጨርቁ ያልፋል። ነገሩ እንዲህ ነበር የታሰበው። እጅጌው ግን ብናኝ አሾለከ። ፈትተው፣ ደርበው ሰፉት። አሁን ደግሞ በስፌቱ በኩል ወጣ። እኔ ተስፋ ስቆርጥ እሳቸው ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ “አብሽር!” ይሉኛል። ሦስተኛው ላይ ያዘ። እርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቀኑን ሙሉ እንጨት ስሰነጥቅ ዋልኩ፤ ጨርቁ ላይ ያረፈው ብናኝ ለምልክት ያህል ብቻ ነበር።

ኢክላስን አመጣኋት። ከሁለት ወር በኋላ ባለሙያው ደረቷን አዳምጦ፣ “ቤቷ ትቀመጥ” አለኝ። አልሀምዱሊላህ! ከጤና ጣቢያው በቀጥታ አዴ ፋጡሜ ቤት ሄጄ ቁም ሣጥን ልሥራልዎ ብላቸው፣ እንቢ አሉ።

“በርበሬዎን ላበላሸ ሰው ለምን እንዲህ ደከሙ?” አልኳቸው።

አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ።

“ሰሀር የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ወፍጮው አጠገብ አዝያት እውል ነበር። እጅጌው ተቀዶ ዱቄቱ ቤቱን ሞልቶት፣ ነገ እሰፋዋለሁ፣ ነገ እሰፋዋለሁ ስል ከረምኩ። ልጄ በደረቷ ታማ ሄደችብኝ።”

ስምንት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ የዚህችን ልጅ ስም ሰምቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። “አላህ ይስጥልኝ” አልኳቸው።