ከጎርፉ መስመር ሁለት ጫማ በላይ

ጀዋሂር የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ባሕር ማዶ ተሻግራ ክላርክስተን በሚባል ከተማ አፓርትመንት ውስጥ አሥር ዓመት ተከራይታ፣ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ኖራ፣ ከባሏ ከመንሱር ጋር ኮንየርስ በሚባል ከተማ ቤት ከገዙ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ከጓሮው ታች ትንሽ ወንዝ ይወርዳል።

ባለፈው መጋቢት ለቤቱ መግዣ ካበደራቸው ባንክ ደብዳቤ መጣ። መንግሥት የሚያወጣው የጎርፍ አደጋ ካርታ እንደ አዲስ ተሠርቶ ቤታቸው አደጋ ቀጠና ውስጥ ገብቷል፤ በአርባ አምስት ቀን የጎርፍ ኢንሹራንስ ካልገዙ ባንኩ ራሱ ገዝቶ ያስከፍላቸዋል፣ ያ ደግሞ የባሰ ውድ ነው። መንሱር «ኢንሹራንስማ አለን» ብሎ ወደ ኢንሹራንስ ድርጅታቸው ደወለ። የያዙት ግን እሳትንና ሌባን እንጂ ጎርፍን እንደማይሸፍን ነገሩት።

ጀዋሂር ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ገዛች፤ ነገሩን ግን አልተወችውም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጃንጥላ ይዛ ጓሮ ትወርድ ነበርና ውኃው ከአጥሩ አልፎ እንደማያውቅ አይታለች። ካርታው ተሳስቶ ቢሆንስ ብላ የመሬት ቀያሽ ጠራች።

ቶሚ የሚባለው ቀያሽ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ የቤቱን ዙሪያ ሲለካ ከኋላ ከኋላው ተከተለችው። ከግድግዳው ሥር ዝቅ ያለው አፈር ላይ ሲደርስ ይበልጥ ተጠጋችው። ቶሚ ቁጥሩን ጽፎ ቀና አለና፣ አፈሩ ጎርፉ ይደርስበታል ከተባለው ከፍታ ሁለት ጫማ እንደሚበልጥ ነገራት። እስቲ ድገመው ብላ ለመነችው። ደገመው፤ ያው ሁለት ጫማ። ጭቃ በያዘ ጫማዋ ቤት ገብታ መንሱርን ከቀን እንቅልፉ ቀሰቀሰችው።

ቤታቸው ከቀጠናው እንዲወጣ ጠይቀው ልኬቱን ካርታውን ለሚሠራው የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ላኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን ፓርክ ሳታደርግ የፖስታ ሳጥኑን ትከፍት ነበር። መልሱ የመጣ ዕለት እዚያው መንገድ ዳር ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ቤቱ ከቀጠናው ወጥቷል። ባንኩም ግዴታውን አነሳ።

መንሱር ኢንሹራንሱን ዛሬውኑ ካንስል እናድርገው አለ።

«ተው እንጂ መንሱሬ፣ ወንዙ ደብዳቤ አያነብም» አለችው። «ኢንሹራንሶቹም ልኬቱን አይተው ዋጋውን ቀንሰውልናል። እስካሁን ተገደን ነበር፤ አሁን ወደን እንያዘው።»

መንሱር እሺ አለ። እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም፤ ተመሳሳይ የባንክ ደብዳቤ ለደረሳት ለጎረቤቷ ለእታገኝ የቶሚን ስልክ ልትሰጥ በሩጫ መንገዱን ተሻግራለች።