በአማቴ ሽሮ የጨመርኩት ቅቤ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። የነፍስ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በሰው መቅናቴን ስዘረዝር ኖሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። አሁን አርጅቻለሁ፤ ይዤው መቃብር ልገባ ነው። እናንተ ስሙኝ። እስክጨርስ ግን አታጽናኑኝ፤ መጽናናት አይገባኝም።

የባሌን አባት እኔ ገድያቸዋለሁ። በመርዝ አይደለም፤ በቅቤ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። መንደራችን ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ማዶ ነበረች። አማቴ አያ መርሻ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ «አባብዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ክፉ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ምላሰኛ ነበርኩ። አንድ ዓመት በቅበላ ሰሞን እግራቸው አበጠ፤ ትንሽ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ባለቤቴ በበቅሎ ንፋስ መውጫ ወሰዳቸው። እዚያ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ደረታቸውን አዳምጦ፣ «ልብዎ ደክሟል፤ ከእንግዲህ ቅቤና ጮማ እንዳይነኩ፣ ጨውም በጣም ይቀንሱ። ባቄላ፣ ምስር፣ አተር ይብሉ» አላቸው።

አዝነው ይመለሳሉ ስል እየሳቁ መጡ። «ታዲያ ይኼ ምኑ ሕመም ነው? ጾም ነው እንጂ» አሉ። በማግሥቱ የነፍስ አባታችንን አስጠርተው፣ እስኪሞቱ ድረስ ፍስክ ላይቀምሱ ለመድኃኔዓለም ተሳሉ። ቄሱ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ በኋላ ግን ለሥጋህም ለነፍስህም ይሁንልህ ብለው ባረኳቸው። እኔም ባቄላውን ከጎተራ አውጥቼ፣ ነቀዝ የነካውን ለይቼ፣ ፍሬ ፍሬውን ለእሳቸው አስቀመጥኩ። ሁዳዴን ሙሉ ንፍሮውን፣ ስልጆውን፣ እልበቱን፣ የባቄላ ሽሮውን ጨው እየቆጠብኩ አበላኋቸው። የእግራቸው እብጠት ጎደለ። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ አራት ቦታ ያርፉ የነበሩት ሰውዬ አንድ ቦታ ብቻ ማረፍ ጀመሩ። እኔ ነኝ ያዳንኳቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እውነቴን ነው፤ ያኔ አድኛቸው ነበር።

ፋሲካ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ እንኳን አደረሳችሁ ልትል ገባች። ሰው ሁሉ ዶሮውን ሲያወራርድ አማቴ ባቄላቸውን እየላጡ ይበላሉ። አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ድሬሰሩ ያለውን ነገርኳት፤ ስለቱንም ነገርኳት። «እንዴ የሺ፣ የወለደሽ አባትሽ ቢሆኑ ኖሮ ለፋሲካ ይኼን ታቀርቢላቸው ነበር?» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ድምፃቸውን ቀነሱ። አንዷ ግን እንድሰማላት ፈልጋ ነው መሰል አልቀነሰችም፤ «የሺ እኮ በቁማቸው ንፍሯቸውን እያበላቻቸው ነው» አለች። ንፍሮ በኛ አገር የለቅሶ ቤት እህል መሆኑን ታውቃላችሁ። እንስራዬን ግማሽ ቀድቼ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ እንባዬ ወረደ፤ ለእሳቸው አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ለስሜ ነው።

በዚያው ቀን በሽሯቸው ላይ ቅቤ ጨመርኩ። ቅመም የገባበት ይሸታል ብዬ ለጋውን መረጥኩ። ሽታውን እንዲሸፍንልኝ ነጭ ሽንኩርት አበዛሁ፤ ጨዉንም እንደ ሰው ወጥ አደረግሁት። አንድ ጉርሻ እንደጎረሱ ቀና አሉ። «ዛሬ ምን ጨመርሽበት?» አሉኝ። ነጭ ሽንኩርት ነው አልኳቸው። ስለታቸውን አስበው ነው መሰል፣ «ቅቤ የለውማ?» አሉ። «በመድኃኔዓለም የለውም» አልኩ። የተሳሉት ለማን ነበር? እኔስ የማልኩት በማን ነው?

መጀመሪያ ራሴን የምሸነግልበት አላጣሁም። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስለታቸው ቢፈርስ ኃጢአቱ የኔ ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም እያልኩ ጨመርኩ። ሃምሳው ቀን አለቀ፤ ረቡዕ መጣ። ድስቱ ፊት ቆሜ አሰብኩ። ሌላ ቀን ጣፍጦ ረቡዕ ከጎደለ ይጠረጥራሉ አልኩ። ስለዚህ ረቡዕም ጨመርኩ፤ ዓርብም ጨመርኩ። በፍልሰታ፣ ሕፃናት እንኳ በሚጾሙበት፣ ጨመርኩ። አማቴ ቀኑን ሙሉ ቅዳሴ ቆመው ውለው የኔን ሽሮ እየበሉ ጾሙን ጨረሱ፤ በመጨረሻውም ቀን ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየኋቸው። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዣለሁ። መሬት ያልዋጠችኝ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መንደሩስ? መንደሩ ወደደኝ። የአማቴ ፊት ሞላ፤ ጉንጫቸው ወጣ። «አማረባቸው፤ ደህና አድርገሽ ያዝሻቸው እኮ» ይሉኝ ጀመር። እትዬ ጥሩነሽ ሳይቀር እጄን ስማ መረቀችኝ። እኔ ጅሏ ደስ አለኝ። የሞላው ፊታቸው ሥጋ አልነበረም፤ እብጠት ነበር። ይህን የገባኝ እግራቸው ዳግመኛ ሲያብጥና ተቀምጠው ማደር ሲጀምሩ ነው።

መስከረም ጠብቶ የክረምቱ ወንዝ ሲጎድል እንደገና ንፋስ መውጫ ወሰድናቸው፤ ያን ጊዜ እኔም አብሬ ሄድኩ። ድሬሰሩ እግራቸውን በጣቱ ጫን አደረገው፤ ጎድጉዶ ቀረ። «ያልኩዎትን ትተዋል ማለት ነው» አላቸው። አማቴ ተቆጡ። ተቆጥተው ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «እኔ ቃሌን አልበላሁም። የምታበላኝ እሷ ናት፤ እሷን ጠይቃት» አሉት። ድሬሰሩ ወደኔ ዞረ። ባሌ ወደኔ ዞረ። ጊዜው አላለፈም ነበር። አንድ ቃል ብናገር ድሬሰሩ መድኃኒቱን አውቆ ያዝዝልን ነበር፤ እኔም ቅቤውን አቆም ነበር፤ ምናልባት ሌላ ፋሲካ ያዩ ነበር። ምን አፌን ያዘው? ባሌ ይመታኛል ብዬ ፈርቼ ነው? አይደለም፤ ባሌ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ወንዝ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው የታዩኝ። «ባቄላና ምስር ብቻ ነው ጌታዬ» አልኩ። ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ምግቡ አልረዳቸውም፤ ሕመሙ በርትቷል» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ለባሌ ነበር፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ነበር።

ቤት እንደገባን ቅቤውን አቆምኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልክ እንደ ሁዳዴው ጊዜ ባቄላውን ለቅሜ፣ ጨው ነካ ብቻ አድርጌ ሽሮ ሠራሁላቸው። ቀመሱትና እንጀራውን መሶቡ ላይ መለሱት። «ልጄ፣ እጅሽን ምን ነካው? ዛሬስ ጣዕም የለውም» አሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ ሳልዋሽ ያቀረብኩላቸው የመጀመሪያው ምግብ ያ ነበር። ሦስት ቀን እንደዚያ ሞከርኩ፤ አልበሉልኝም። ምግብ እንቢ አሉ፣ ሊሞቱ ነው ብሎ ባሌ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን ተመልሼ ጨመርኩ። ይህን ሳላሳንስ ልናገር፤ ድሬሰሩ ያለውን ሰምቼ፣ ያበጠውን እግር በዓይኔ አይቼ፣ አውቄ ጨመርኩ። በሉ፤ ጣቶቻቸውን ሳይቀር ላሱ።

ኅዳር ሳያልቅ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ቄሱ መጥተው አናዘዟቸው። እኔ ደጅ ነበርኩ፤ የአማቴ ድምፅ ግን ይሰማኛል። «ሌላው ኃጢአቴ ብዙ ነው አባ፤ ስለቴን ግን አላጎደልኩም» ይላሉ። ቄሱም በቀብሩ ላይ ይህንኑ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ስለቱን ጠብቆ የሞተ ሰው ብለው አወደሷቸው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔን ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ፤ አባትሽን ያህል ጦርሻቸዋል፣ በወግ በማዕረግ ሸኘሻቸው አሉኝ። አልተቃወምኩም። ምርቃቱን ሁሉ አሜን፣ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

ልጅ ነበርኩ ልላችሁ እችላለሁ። የሰው አፍ ነው ያስደረገኝ ልላችሁም እችላለሁ። ሁለቱንም ለራሴ ስንት ዓመት ብየዋለሁ፤ አላሳረፈኝም። ሴቶቹ ሐሜት አሙ እንጂ ቅቤ አልጨመሩም። ቅቤውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በውሸት የማልኩት እኔ ነኝ። ድሬሰሩ ሲጠይቀኝ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ባረፉበት ዕለት ጠዋት እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ስለቴን ያስጠበቅሽኝ አንቺ ነሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለውኛል።