ኤሬማሲ የበሳው ግድግዳ

ሱቫ ወደብ ላይ እንደ ኤሬማሲ ያለ በያጅ የለም። እሱ የበየደው ብረት አይላቀቅም። ችግሩ እምቢ ማለት አያውቅም። እኛ ፊጂዎች ዘመድ ሲለምነን እምቢ ማለት ነውራችን ነው፤ የሱ ግን ልክ አጣ፤ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!

ወደ ላው ደሴቶች የምትመላለሰው መርከብ ሠራተኞች ያንጎና የሚባለውን የሥር መጠጣቸውን የሚጠጡት ከኋላ ክፍል ነው። ሥሩን የሚበጠብጡበትን ውሃ በባልዲ ማመላለስ ታከታቸው።

«ኤሬማሲ ወንድማችን፣ ከፊቱ ክፍል በሚለየን ግድግዳ ላይ ለጎማ ቱቦ የምትሆን ቀዳዳ ብቻ! ወይስ እጅህ ዛገ?» አሉት።

ያ የብረት ግድግዳ ከጎን እስከ ጎን ድፍን የሆነው አንዱ ክፍል ውሃ ቢሞላ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ኤሬማሲ ይህን እያወቀ በሳው። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ደግሞ ቱቦውን ነቀለና፣ ነገ መልሶ ሊከፍተው፣ በብረት በመድፈን ፈንታ ጨርቅ ወትፎ ቀለም ቀባበት።

ተቆጣጣሪው ካለፈ በኋላ በተነሳችበት ጉዞ መርከቧ የኮራል አለት መታች። የኋላው ክፍል ደረቅ ነው ብለው ከፊት ውሃ ሲቀዱ፣ ውሃው ጨርቁን ገፍቶ ወደ ኋላ አለፈ። ሌሎቹ በጀልባ ተረፉ። ተንሳፋፊ ጃኬት ሊያመጣ ወደ ኋላ ክፍል የወረደው የመርከቧ ሞተር ሠራተኛ ካሚንየሊ ግን አልወጣም። ሰው ሁሉ ኮራሉን ረገመ፤ ቀዳዳውን የለመኑትም አፋቸውን ዘጉ።

ኤሬማሲ ምግብ አልወርድ አለው። «አጎቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። ለሚስቱ ልንገራት» አለኝ።

የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘን የካሚንየሊ ሚስት ታራይቪኒ ዘንድ ሄድን። በኛ ወግ ተበዳይ ጥርሱን ከተቀበለ ነገሩ ተዘጋ፤ ዳግመኛ አይነሳም። ስለዚህ በደሉ መጀመሪያ እንዲነገር ተስማምተን ነበር። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ እጇን ዘርግታ ጥርሱን ወሰደችው።

«ልጄ፣ ቆዪ እንጂ! ምኑን ነገርኩሽና?»

«ይብቃ አጎቴ። ስለዚያች መርከብ መስማት አንገሽግሾኛል። ተቀብያለሁ።»

ኤሬማሲ «እኔ እኮ...» ብሎ ሲጀምር ክንዱን ጨብጬ ዝም አሰኘሁት። ወጉ ነው፤ ምን ላድርግ?

ታራይቪኒ የተቀቀለ ካሳቫና ዓሣ አቀረበችለት።

«ብላ እንጂ፣ እንዴት ከሳህ! ካሚንየሊ እኮ ስምህ ከአፉ አይጠፋም ነበር። ማዕበል ሲበረታ ‹ዛሬስ ቅር› ስለው፣ ‹ግድግዳዋን የበየደው ኤሬማሲ ነው፣ ምን ያስፈራሻል?› እያለኝ ነበር የሚሄደው።»