የሰርዲን ቆርቆሮው ባቡር

«ወላሂ አልነካሁትም!»

«በዚህ ቤት ወላሂ አይባልም ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልማልልህ ጋሼ? ገና ከሚኒባስ ወርጄ መግባቴ ነው። ሲሸት ደረስኩ እንጂ እኔ አልነካሁትም!»

«ሳይነኩት ነው ሞተሩ የነደደው? ባለፈው ቅዳሜ ‹አንዴ ብቻ እናስኪደው› እያለ ሲለምነኝ የነበረው ማን ነው? ጎረቤት ነው?»

አባቴና ታናሽ ወንድሙ እዮብ በደሴው ቤታችን ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ ጠረጴዛውን መሃል አድርገው እንዲህ ሲጯጯሁ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ አፌን በሹራቤ እጅጌ ሸፍኜ ቆሜ ነበር። ዛሬም ደሴ ፒያሳ ውስጥ በአንዱ የጥገና ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ የነደደ ሞተር ከሸተተኝ እግሬ ይቆማል። መጀመሪያ የሚሰማኝ የአጎቴ መሐላ ነው።

አባቴ በዚያን ጊዜ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ሰዉ ሙዚቃውን ሁሉ በስልኩ መስማት ከጀመረ በኋላ ለጥገና የመጡ ቴፖች ፈላጊ አጥተው ሱቁ ውስጥ ይቀሩ ነበርና፣ ሆዳቸውን እየከፈተ፣ ሞተራቸውንና ትንንሽ መዘውሮቻቸውን እያወጣ በወተት ጣሳ ያጠራቅም ነበር። አንድ ቀን ከመዘውሮቹ አንዱን በተወጠረ የመዳብ ሽቦ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ዙሪያውን ቦይ ስላለው ሳይወድቅ ተንሸራቶ ሄደለት። ነገሩ ከዚያ ጀመረ። አሮጌ በር አጋድሞ ጠረጴዛ አደረገው፤ የጦሳን ተራራ ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ አቆመ፣ የቦርከናን ወንዝ ከሰማያዊ ፌስታል አፈሰሰ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ እየቆረጠ በካውያ እየበየደ ፉርጎ ሠራ። የኔ ድርሻ ከሽቦው ሐዲድ ሥር የሚጋደመውን የአይስክሬም እንጨት ከትምህርት ቤት እየለቀሙ ማምጣት፣ በልክ መቁረጥና የኮንክሪት መልክ እንዲይዝ አመድማ ቀለም መቀባት ነበር። እናቴ እንግዳ ሲመጣ የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ «ሰው ሳሎኑን ይሸጣል እንጂ ለባቡር ያከራያል?» ትል ነበር።

እዮብ ደግሞ እውነተኛውን ይሠራ ነበር። ኮምቦልቻ የባቡር መንገዱ ሥራ ላይ በያጅ ነበርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሽቅብ ወደ ደሴ እየመጣ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ገና ሳይቀመጥ የሳምንቱን ይናገር ነበር፤ ሐዲዱ የት ደረሰ፣ የቱ ጋ ጭቃ ያዛቸው፣ የትኛው ድልድይ አለቀ። አባቴ ጸጥ ብሎ ይሰማና በስንዝሩ ለክቶ ያንኑ ያህል ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ከዚያ በላይ አንዲት ጣት አይጨምርም። ሕጉ አንድ ነበር፤ መሬት ላይ ያልተነጠፈ በጠረጴዛው ላይ አይነጠፍም። አንዳንዴ አጎቴ እኔን ለማስደሰት ጨመር አድርጎ ሲናገር አባቴ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየው ነበር።

«በአንድ ሳምንት ይህን ሁሉ?»

«ከፎርማኑ አስፈርሜ ላምጣልህ እንዴ? ወላሂ ደርሰናል።»

«ወላሂ አትበል።»

እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በቤታችን መማል አይፈቀድም ነበር፣ ያለው ነገር «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነበር። እዮብ ግን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሲውል ለምዶት ወላሂ ከአፉ አይጠፋም፤ አባቴ ይቆጣ ነበር፣ እናቴ ፊቷን አዙራ ትስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ እስከ በረንዳችን ይደርስ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ አንችልም ነበር፣ መብራቱም ይጠፋ ነበር። ታች ኮምቦልቻ ጭቃው ሥራውን ስለሚያስቆመው ጠረጴዛውም ይቆማል። ሕጉ ፉርጎን አይከለክልምና አባቴ እነዚያን ወራት በሻማ ብርሃን መስኮትና በር ሲቆርጥ ያሳልፍ ነበር፤ እኔም ከሻማው ፍርፋሪ ተሳፋሪዎች እሠራ ነበር። ሁሉም ቀልጠው ወይም ተሰብረው አለቁ። የቀረችው አንዲት ሴት ነበረች፤ ጣት የምታህል፣ ከክር ቀይ ሻሽ ያሰርኩላት።

በመስከረም ታች ሥራው ይጀመራል፣ በበጋው ደግሞ ይፈጥናል፤ በሁለተኛው በጋ ሐዲዱ የቦርከናን ድልድይ አልፎ ከክብሪት ቀፎ የሠራነው የኮምቦልቻ ጣቢያ ደረሰ። ያን ቅዳሜ እናቴ ዳቦ ጋገረች። አባቴ ሞተሩን ገጠመ፣ ሽቦውን ከአንድ አሮጌ የሬዲዮ ባትሪ መሙያ ጋር አገናኘ፣ ከዚያ ማብሪያው ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈበት። ኮምቦልቻ የመጀመሪያው ባቡር የገባ ዕለት እናነሣዋለን አለ።

በልጉ መጣ፣ ባቡሩ አልመጣም። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ገና ነው ተባለ። ዝናቡ ሐዲዱን ያጥበው ጀመር፣ ፍየሎች በመሃሉ ይግጡ ጀመር፣ በያጆችም በየተራ ይሰናበቱ ጀመር። እዮብ ተራው እንደደረሰ የሰማ ዕለት መጥቶ ጠረጴዛው ዳር ብዙ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስበይድ ኖርኩ። በሠራሁት ነገር ላይ አንድ ነገር ሲሄድ ሳላይ ልሄድ ነው። አንዴ ብቻ እናስኪደው።»

«ታችኛው ሲሄድ ይሄዳል።»

«ካልሄደስ?»

«ካልሄደ አይሄድም።»

አጎቴ ሳቅ ብሎ ፀጉሬን ዳበሰኝና ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ቀይ ፕላስተር ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ሱቅ፣ እናቴ የጸሎት ቡድኗ ጋ ነበሩ። መብራት ነበረ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት፣ ባለ ቀይ ሻሿን ሴትዮ በፉርጎው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት፣ አበራሁት። ባቡሩ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አስቦበት የወሰነ ይመስል ተነሣ። በጦሳ ግርጌ ታጥፎ፣ ቆርቆሮው እየተንሿሿ፣ እኔ በቀለም ከቀባኋቸው እንጨቶች በላይ ሲያልፍ በጠረጴዛው ዳር አብሬው ተራመድኩ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ድልድዩ ላይ ወጣ። ሊጨርሰው ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው አንዱ መዘውር ሽቦውን ሳተና ተገልብጦ ፌስታሉ ላይ ወደቀ፣ አንዱ ጎኑ ግን ሽቦውን እንደነካ ቀረ። በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ። ማጥፋት ትዝ አላለኝም። በጓሮ በር ሮጬ ወጣሁ።

ያንኳኳው እዮብ ነበር። ጎረቤት ከፈተችለት፣ ገባ፣ ሽታውን ተከትሎ ማብሪያውን አጠፋ፣ መስኮት ሲከፍት አባቴ ደረሰ። እኔ በጓሮ በር ተመልሼ ስገባ መጯጯህ ጀምረው ነበር።

«አዎ ወይም አይ በለኝ» አለ አባቴ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

እዮብ ሊመልስ ሲል ዓይኑ ፌስታሉ ላይ አረፈ። እጁን ሰደደና ከተገለበጠው ፉርጎ ሥር አንድ ነገር አነሣ፤ ቀይ ክሩን አየሁት። አየኝ። ጣቶቹን አጥፎ ሴትዮዋን መዳፉ ውስጥ ደበቃት።

«እሺ፣ እኔ ነኝ» አለ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አልጮኸም። ሞተሩ ሱቅ ውስጥ በጣሳ ሞልቷል፣ ፉርጎውም ይቃናል። አባቴን የሰበረው የእዮብ መሐላ ነበር፤ በቤቱ መካከል ቆሞ፣ በፈጣሪ ስም፣ በሐሰት። «ምለህ ዋሸኸኝ» አለው። «ከእንግዲህ ‹ደረስኩ› ብትለኝ የት ደረስክ ብዬ ላምንህ ነው?» አጎቴ ጫማውን ሳያስር ወጣ፣ በሩን ሲያላትመው ከወረቀቱ ጦሳ አቧራ ረገፈ። እኔ ከግድግዳዬ አልተንቀሳቀስኩም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ቃሉም አፌ ውስጥ ነበረ።

እዮብ በዚያው ክረምት በባቲ በኩል ወረደ፣ ከጅቡቲ ባሕሩን ተሻገረ፣ ከዓመት በኋላ ከጅዳ መደወል ጀመረ። የሚደውለው ለእናቴ ነበር። አባቴ ስልኩ ሲጠራ ተነሥቶ ወደ በረንዳ ይወጣ ነበር። እዮብ እኔን በስልኩ ሲያገኘኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር፤ «ቤዚ፣ ሄደ?» ታች ያለውን ማለቱ ነበር። «ገና ነው» እለው ነበር። አንድ ቀን እነግርለታለሁ፣ ለአባዬ እነግርለታለሁ እያልኩ አቆየሁት።

ከዚያ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ሸሸን፤ ኔትወርኩ ጠፋ። ስንመለስ ቤቱ ተበርብሮ፣ ከጠረጴዛው ላይ የመዳቡ ሽቦ አንድ ሳይቀር ተነቅሎ አገኘነው፤ የኔ እንጨቶች ብቻ በየቦታቸው ተሰልፈዋል። ኔትወርኩ ሲመለስ የእዮብ ስልክ አልተመለሰም። እናቴ እስካሁን በየሳምንቱ ትሞክራለች። የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ጠየቅን፤ አየሁት የሚል አልተገኘም።

አባቴ ጠረጴዛውን አልጠገነውም። ሽቦ ልግዛልህ ስለው «ታችም ያለው ሐዲድ ተሰባብሯል» ይለኛል። ሕጉ አልተሻረም። አሁን ሱቁን ዘግቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፤ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ሽቦ አልባዎቹን እንጨቶች ያያል። እኔ ፒያሳ ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ እየተየብኩ እውላለሁ፣ የራሴን በየደብተሩ እጽፋለሁ፤ የሁሉንም ነገር ቃል ስፈልግ ያቺን አንዲቷን ሳልናገር ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

ባለፈው በልግ፣ ዝናቡ ቆም ባለበት አንድ ቅዳሜ ነገርኩት። ቆሜ ነበር የነገርኩት፣ ያንኑ ግድግዳ ተደግፌ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ባቡሩን ያስኬድኩት እኔ ነኝ። እዮብ አልነካውም። የሻማ ሴትዮዬን አይቶ ነው እኔ ነኝ ያለህ።»

አባቴ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፣ ይጩህ ብዬም ተመኘሁ። በጣቱ አንዱን እንጨት አቃና።

«ሄደ?» አለኝ።

«ሄደ።»

«ድልድዩን ተሻገረ?»

«ሊሻገር ሁለት ጣት ቀረው።»

ራሱን ነቀነቀ። ድልድዩን በዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ለካው።

«እውነቱን ነበር የማለው» አለ፤ ለኔ አልነበረም የሚናገረው።

ያን ጊዜ ሰው ሲቆጣ ቤታችን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በማግስቱ ግን የሚታረቁት ሰው ነበረ፤ አሁን ሁላችንም ለስልሰን፣ ማን ጋ ሄደን እንታረቅ? አባቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ተነሣ፣ ኮቱን ሳይደርብ ወደ በረንዳው ወጣ፣ በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላው ዘጋው።