ልጄን ስሸኝ ጉና ላይ ወጣሁ

ጉና ላይ የወጣሁት በነጠላ ጫማ ነው። የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ። ያን ዕለት ከቤት ስወጣ ሐሳቤ ልጄን ደብረ ታቦር መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ ልመለስ እንጂ ተራራ ልወጣ አልነበረም። በሬን እንኳ አልቆለፍኩም። አጠገባችን ሱቅ ያላትን ጎረቤቴን፣ "እሳት ላይ ሽሮ አለ፣ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት፣ አሁን መጣሁ" ብያት ነው የወጣሁት።

ልጄ ቱሪዝም ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ እቤት ተቀምጣ ነበር። ሰው "ምን እየሠራሽ ነው?" ሲላት ፊቷ ይለዋወጣል። ገበያ መውጣትም ተወች። በኋላ ፈረንጆችን ተራራ የሚያስወጣ አንድ ድርጅት ልሞክርሽ አላት። ሁለት እንግዶች ይዛ በክምር ድንጋይ ከተማ በኩል ጉናን ወጥታ፣ በእስቴ በኩል ልትወርድ ነው። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ከተመለሱ ሥራው የእሷ ነው። ቅር ካላቸው ግን ወረፋ የያዘ ሌላ ሰው አለ ብሏታል የድርጅቱ ባለቤት ፊት ለፊት።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ጉና ግርጌ ነው። ለእኛ ጉና ማለት ገብስ ነው፣ ድንች ነው፣ በግ ነው፣ ጓሳ ሣር ማጨድ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ጉዳይ አለው። እንዲያው ለመውጣት ብሎ የሚወጣ ሰው አላየሁም። ፈረንጆቹ ባሕር ተሻግረው የሚመጡት ዕረፍታቸው ስለሆነ ነው ስትለኝ፣ "ዕረፍትማ ቁጭ ማለት ነው እንጂ" ብያት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የጉናን ጉም አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የጠፋ በግ ፍለጋ የወጣ የሰፈራችን ሰው ጉም ይዞት ሲንከራተት አድሮ፣ በማግሥቱ እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ በቃሬዛ ሲያወርዱት አይቻለሁ።

ደግሞ ከዱሮም ፈሪ ነኝ። ባጃጅ ላይ ስቀመጥ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። ውሻ ሲጮኽ ሌባ ነው እላለሁ፣ ዝም ሲል ደግሞ ውሻውን ገደሉት እላለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና፣ "አንቺ ሴት፣ ነገ መንጋቱንም ትጠራጠሪያለሽ" ይለኝ ነበር። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ልጄ የተማረችውን አላውቅም፤ ያወቅሁት የወለድኳት እኔ መሆኔን ብቻ ነው። "አትሂጂ" ማለት ግን አልቻልኩም። ያን ፊቷን ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ ልሸኝ ወጣሁ።

በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ደህና ሁን ማለት ማባረር ነው። ትሸኛለህ። እስከ አጥሩ፣ እስከ ዋናው መንገድ፣ እስከ ወንዙ ትሄዳለህ። እሱ "በቃ ተመለስ" ይልሃል፣ አንተ "ትንሽ ልሂድ" ትላለህ። ነገሩ የታወቀ ነው። መናኸሪያ ስደርስ እንግዶቹ ባልና ሚስት ሆነው አገኘኋቸው፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሴትዮዋ ፀጉሯ ነጭ የሆነ፣ በሁለት እጇ ሁለት ዘንግ የያዘች። ወጣት ጠብቄ ነበር። ጉንጫቸውን እያገላበጥሁ ሳምኳቸው፣ መረቅኋቸው። የተኮናተሩት ሚኒባስ ውስጥ ባዶ ወንበር አየሁ። "እስከ ክምር ድንጋይ ልሸኛችሁ" ብዬ ገባሁ። ልጄ አየችኝ፣ ግን በእንግዳ ፊት ምን ትላለች።

ክምር ድንጋይ ስንወርድ ጎረቤቴ ደወለች።

"ሽሮሽን አውርጄልሻለሁ። ምነው ቀረሽ?"

"ክምር ድንጋይ ነኝ።"

"ምን ልትሠሪ?"

"ልጄን ልሸኝ።"

"ወላሂ አንቺስ ፈረንጆቹን አገራቸው አድርሰሽ ነው የምትመለሺው።"

እዚያ ዕቃ የሚጭኑ አንድ ሽማግሌ ሁለት በቅሎ ይዘው ይጠብቁን ነበር። ዕቃው ተጫነ። እንግዶቹን እንደገና ስሜ ተሰናበትሁ። እነሱ መሄድ ሲጀምሩ ግን እግሬ አብሮ ተነሣ። እስከ ወንዙ አልኩ። ወንዙ ጋ ሳምኳቸው። እስከ መጨረሻው ቤት አልኩ። እዚያም ሳምኳቸው። ሴትዮዋ ለመደች፤ እኔ ቆም ስል ሁለቱን ዘንግ በአንድ እጇ ሰብስባ ጉንጯን ታዘጋጃለች። ባሏም ባርኔጣውን ያወልቃል። ከዚያ ተሳስመን ስናበቃ አብረን እንሄዳለን።

ሽማግሌው ከበቅሎዎቹ ኋላ ሆነው ሲያዩን ቆይተው፣ "እህቴ፣ አንቺ ዘንድ ሽኝት እንዲህ ከሆነ የሠርግሽ ዕለት የመጡት ሚዜዎች እስካሁን አልተመለሱም ማለት ነው" አሉኝ።

"አባቴ፣ አንቱ በቅሎዎን ይንዱ" አልኳቸው። ሳቅሁ፣ ግን አፍሬያለሁ።

የገብሱ ማሳ ማለቂያ ላይ ልጄ እንግዶቹን ውኃ ጠጡ ብላ አስቀምጣ ወደ ጎን ወሰደችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማ፣ ይኼ ሥራዬ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"እናቷን አስከትላ የምትመጣ አስጎብኚ ማን ይቀጥራል? ሳልጀምረው ልታስቀሪብኝ ነው።"

"እስከዚያች ጉብታ ብቻ" አልኩ።

ከንፈሯን ነክሳ ወደ እንግዶቿ ሄደች። እኔም እስከ ጉብታዋ ሄድኩ፣ ከጉብታዋ ኋላ ሌላ ጉብታ ነበረ፣ ፀሐይም እያዘቀዘቀች ሄደች። ሽማግሌው አሁን ሴት ብቻዋን አትወርድም፣ ነገሩ አልቋል አሉ። እንዲህ ሆኜ ድንኳን ውስጥ አደርሁ።

ራት ላይ ፈረንጇ ስለኔ ጠየቀች መሰለኝ፣ ልጄ ረዘም አድርጋ ነገረቻት። ምን አልሻት ስላት፣ እናቴ ናት፣ በአገራችን ሽኝት እንዲህ ነው አልኳት አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደና ከሻንጣዋ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥታ ሰጠችኝ። ነጠላ ጫማ በካልሲ አድርጎ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጨርቁን በአውራ ጣቴ መሐል እየጠቀጠቅሁ ነው በማግሥቱ የሄድኩት። ግን ሞቀኝ። እግዜር ይስጣት።

ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበረ። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ዳገቱ ላይ እንደ ሰው ተራርቀው ቆመዋል። ልጄ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ። ከኋላ ሆኜ ነው ያየኋት። የሴትዮዋ ባል ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ ልጄ ግን ደከመህ ወይ አላለችውም። እሱ ቀጥ ሲል ወዲያው አንድ ቅጠል ታገኛለች፣ አንድ ወፍ ታሳያቸዋለች፣ ስለ ጅብራው ታወራለች፤ ትንፋሹ ሲመለስ ወሬዋ ያልቃል። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ነው የገባኝ። ይህን ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም። እኔ ብሆን "እንመለስ፣ ሰውየው ሊሞት ነው" ብዬ እጮኽ ነበር።

አናቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጉሙ መጣ። ከታች ተነሥቶ እንደ ጭስ ሳይሆን እንደ ግድግዳ ነው የመጣው። መጀመሪያ በቅሎዎቹ ጠፉ፣ ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ መንገዱ። ያ በቃሬዛ የወረደው ሰው እግር ድቅን አለብኝ።

"እንውረድ" አልኩ። "ቶሎ፣ ሳይብስ። ቁልቁለቱን ይዘን እንውረድ።"

ልጄ በዚያው በተረጋጋ ድምፅዋ ለእንግዶቹ አንድ ነገር ተናገረች፤ ድንጋይ ጥግ ቁጭ እንዲሉ በእጇ አሳየቻቸው። ለእኔም፣ "እማ፣ ቁጭ በይ። እስኪገለጥ እንጠብቃለን" አለችኝ።

"ቁጭ ብለን እንድንደርቅ?" ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። በእንግዶቿ ፊት፣ እንደ ሕፃን። ለቅቄያት ደግሞ እኔው ራሴ ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ።

ከኋላዬ የዘንግ ኮቴ ሰማሁ። ስዞር ፈረንጇ ተነሥታለች። ባሏም እየተነሣ ነው። ቋንቋዬን አትሰማም፣ ግን የአገሩ ሴት፣ ያውም እናት፣ ፈርታ ስትወርድ አየች፤ የምታምነው እኔን ሆነ። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ልጄ አልጠራቻትም። እኔንም አልተቆጣችኝም። ድንጋዩ ጋ ቆማ ታየኛለች። ጉሙ ፊቷን ግማሹን ሸፍኖታል፣ ዓይኗ ግን ይታየኛል። ቁጣ ቢሆን እቆጣ ነበር። እሷ ግን የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። በዚያች ሰዓት ያ ሁሉ ትምህርቷ፣ ያ ሁሉ እቤት መቀመጧ፣ እኔ እግሬን በማነሣበት ቦታ ላይ እንደ ነበረ ገባኝ። አንድ እርምጃ ወደ ታች ብሄድ ሴትዮዋ ትከተለኛለች፤ ያኔ ልጄ አስጎብኚ አይደለችም፣ የኔ ልጅ ብቻ ናት።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ግን ተመለስሁና ድንጋዩ ሥር፣ ልጄ ያሳየችው ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈረንጇም መጥታ ከጎኔ ቁጭ አለች። ባሏም። ልጄ ከሻንጣዋ ብርድ ልብስ አውጥታ ሦስታችንን በአንድ ላይ ጠቀለለችን፤ ቆሎም በየእጃችን አደረገችልን። ሽማግሌው ከጉሙ ውስጥ በቅሎዎቻቸውን ሲያባብሉ ይሰማል። "እህቴ፣ አለሽ ወይ?" አሉ። "አለሁ አባቴ" አልኩ። "ጎሽ። እኔማ በቃ፣ ቁልቁል ሸኝታቸው ሄደች ብዬ ነበር።"

ምን ያህል እንደ ተቀመጥን አላውቅም። ፈርቶ ለተቀመጠ ጊዜው ረጅም ነው። ከዚያ ነፋስ መጣና ጉሙን እየቦጨቀ ወሰደው፣ መንገዱም እዚያው ነበረ። እኔ ባልኩት ብንወርድስ? ምንም ላንሆን እንችል ነበር፤ ላንተርፍም እንችል ነበር። አላውቀውም፣ አሁን አያስጨንቀኝም።

አናቱ ላይ ድንጋይና ነፋስ ነው። ግን ቁልቁል ሲያዩት ያ ሁሉ ማሳ፣ ያ ሁሉ ጣራ፣ የተወለድኩበት ሰፈር ሳይቀር እንደ ተጣፈ ልብስ ተዘርግቶ ይታያል። ያን ያህል ዘመን ግርጌው ኖሬ ከላይ አላየሁትም። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ በደስታ ነው። ባሏ መሐል አስቆመኝና ፎቶ አነሣን። ልጄን ሰርቄ አየኋት። ፊቷ ያ የዱሮው ፊቷ ነው። እኔም ደስ አለኝ፤ እንዲያው ዝም ብሎ ደስ የሚል ደስታ።

ከዚያ በላይ የሚሸኙበት የለም። በእስቴ በኩል የሚወርደው መንገድ ከፊታቸው ነው። በክምር ድንጋይ በኩል ደግሞ ድንች በአህያ ጭነው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች አየሁ።

"በቃ፣ እኔ እዚህ ልመለስ" አልኩ።

ማንም አላመነኝም። ሽማግሌው ሳቁ። ሴትዮዋ ዘንጎቿን ሰብስባ ጉንጯን ሰጠችኝ፣ ከሳምኳትም በኋላ አብሬ እንድሄድ መንገድ ለቀቀችልኝ። እኔ ግን ዞሬ ወደ አህዮቹ ሄድኩ።

"እማ!" ልጄ ሮጣ ደረሰችብኝ። "እውነትሽን ነው? ቆይ እስከ ሴቶቹ ድረስ ልሸኝሽ።"

"ተይ" አልኳት። "እንግዶችሽን ትተሽ የት ትሄጃለሽ? ሥራ ላይ ነሽ።"

አንገቴን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ሄደች። አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁ፤ ከፊት እሷ፣ ከኋላ ሁለቱ፣ ከዚያ በቅሎዎቹ፣ በመስመር ይወርዳሉ። ሁለተኛ ብዞር እንደምከተላቸው ስለማውቅ አልዞርኩም። ሴቶቹ ከየት ነሽ፣ በነጠላ ጫማ ምን ወሰደሽ እያሉ እስከ ክምር ድንጋይ ሲስቁብኝ ወረድን።

ሥራው የእሷ መሆኑን የሰማሁት ኋላ፣ ስትመለስ ነው። ለእኔ ግን ነገሩ ያለቀው በዚያው ምሽት፣ ቤቴ ገብቼ እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ሳለሁ ስትደውል ነው። ወድቀሽ ነበር ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ ጉም መጣ ወይ፣ በሰፈራችሁበት ቦታ ጅብ አለ ወይ፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"እንግዶችሽ ራት በሉ ወይ?" አልኳት።

"በልተዋል እማ" አለች። "ሰውየው ድንቹን ደገመ።"